በጠራራ ፀሐይ የተነገረ መርዶ

ቢቸና ከተማ ውስጥ ተማሪ የሌለው ትምህርት ቤት አለ፤ እኔ እዚያ ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። አስተምራለሁ ማለቱም ያሳፍረኛል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገብቼ እፈርማለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሼ እፈርማለሁ፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ካልፈረምሁ መንግሥት «ከጫካዎቹ ጋር ወግኗል» ይለኛል። ከፈረምሁ ጫካ ያሉት «ባንዳ» ይሉኛል። ክፍሎቹ ባዶ ናቸው፤ ዴስኮቹን አቧራ ውጧቸዋል። በአንዱ ክፍል ሰሌዳ ላይ «የዜጎች በሕይወት የመኖር መብት» ብዬ በገዛ እጄ የጻፍሁት ርዕስ እስከ ዛሬ አለ። የገለበጠው ተማሪ የለም፤ ያጠፋውም የለም። በመስኮት ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሥራ የፈታ ሰው ምላሱ ሥራ አይፈታም። እኛም ስታፍ በምንለው የመምህራን ክፍል ተቀምጠን ስለ ጦርነቱ ስንነታረክ ሁለት ዓመት ሊሞላን ነበር። ዋናዎቹ ተከራካሪዎች ሦስት ነን። አንዱ የፊዚክስ መምህሩ ነው፤ የሞጣ ልጅ። ቢቸና የተመደብነው በአንድ ዓመት ነው፤ ሁለታችንም ላጤ ሳለን አንድ ግቢ ተከራይተን ኖረናል። ካገባ በኋላ የመጀመሪያ ወንድ ልጁን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ በስም አንጠራራም፤ «አበልጄ» ነው የምንባባለው።

ሁለተኛው ምክትል ርዕሰ መምህሩ ነው። ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ፣ የፓርቲ አባል የሆነ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ታይፎይድ የጣለኝ ጊዜ ደግፎ ባጃጅ ላይ ጭኖ ጤና ጣቢያ ያደረሰኝ፣ ግሉኮሱ እስኪያልቅ አጠገቤ የተቀመጠው እሱ ነው። ግን ከሥልጠና በተመለሰ ቁጥር አዲስ ቃል ይዞ ይመጣል። አንድ ሰሞን «ሕግ የማስከበር ሥራ» ነበር፤ ቀጥሎ «ገዥ ትርክት» ሆነ። ሰው ሲገደል «እርምጃ ተወሰደ» ይላል። አንድ ቀን «ሞተ የሚለው ቃል ተከልክሏል ወይ?» ብዬ ጠይቄው ሳምንት ሙሉ አኩርፎኛል።

አበልጄ ደግሞ ጠመንጃ በእጁ ነክቶ የማያውቅ የጦር አዛዥ ነበር። ኔትወርክ በተለቀቀች ቁጥር ውጭ አገር ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው «በለው! ጨርሰው!» የሚሉትን ሰዎች ሲያዳምጥ ይውላል፤ በማግስቱ የሰማውን ስታፍ ውስጥ ይዘራዋል። «አንድ ጊዜ በደንብ ካልተዋጋን ለልጆቻችን ነው የምናወርሰው» ይላል። «ይኼ መንግሥት በቃል የሚሰማ ጆሮ የለውም፤ ደም ካላየ አይነቃም።» የመንግሥትን ጆሮ በተመለከተ አልተሳሳተም። እኔም ለስንት ስብሰባ ተጠርቼ፣ እጄን አውጥቼ ተናግሬ፣ የተናገርሁት ቃለ ጉባኤው ላይ «መምህራኑ ድጋፋቸውን ገለጹ» ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ። ያን ቀን የተሰማኝን ንዴት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

እኔስ? እኔ ሁለቱንም እቃወም ነበር። ሁለቱም እርስ በርስ ሲሰዳደቡ ቆይተው ሲደክማቸው በእኔ ላይ ይተባበራሉ። «መሃል ሰፋሪ» ይሉኛል። እውነቱን ልናገርና፣ ሰላም ወዳድ ስለሆንሁ ብቻ አልነበረም የምከራከረው፤ መርታት እወዳለሁ። ሌላው ሰው መልስ አጥቶ ዝም ሲል ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። ይኼ ጠባዬ ምን እንዳደረገ ነው እዚህ የምጽፈው።

የገበያ ቀን ነበር። ገና ፊቴን ሳልታጠብ የአበልጄ የንስሐ አባት በሬን አንኳኩ። የእኔም የንስሐ አባት ናቸው፤ በእኔ ቤት ግን እንዲያ በማለዳ መጥተው አያውቁም። ገብተው ተቀመጡ፤ መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

«ምነው አባ?»

«የአበልጅህ ታናሽ ወንድም ዐርፏል» አሉኝ።

ልጁን አውቀዋለሁ። ሞጣ የሚኖር የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ ከእናቱ ጋር አንድ ቤት። ቢቸና ወንድሙን ሊጠይቅ በመጣ ጊዜ ቤት ያከራየችኝ ሴትዮ ላሟ መውለድ አቅቷት እጅጌውን እስከ ትከሻው ጠቅልሎ፣ መሬት ላይ ተኝቶ፣ እየሳቀ ጥጃዋን ሲያወጣ አይቻለሁ። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ያችን ጥጃ በእሱ ስም ነው የምትጠራት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ልጁ ገጠር ገብቶ ከብት ሲከትብ ውሎ የክትባት ሳጥኑን በትከሻው አንግቶ ሲመለስ መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከሁለቱም ወገን ይተኮሳል። አንዷ ጥይት እሱን አገኘችው። የማን ጥይት እንደሆነች ያየ ሰው የለም። ከዚያ መንገድ ተዘጋ፤ ስልክ ተቋረጠ፤ እናትየው ልጇን የቀበረችው ትልቁ ልጇ ሳይሰማ ነው። ከተቀበረ በስምንተኛው ቀን አንድ እህል ነጋዴ በዙሪያ መንገድ በመጣ ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ቢቸና ገባ፤ ቃሉን ለአባ ያደረሰው እሱ ነው።

እኛ ዘንድ መርዶ ወሬ አይደለም። መንገድ ላይ አግኝተው፣ ቆመው የሚነግሩት ነገር አይደለም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ቤቱ ሳለ፣ የንስሐ አባቱና ሽማግሌዎች ሄደው ነው የሚነግሩት። ሁለት ጠንካራ ሰዎች ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ራሱን ቢጥል የሚይዘው እጅ አለ፤ ቢጮህ አብሮት የሚጮህ ጎረቤት ደጁ ላይ ቆሟል፤ ቀኑም ሙሉ ለለቅሶ ይሆነዋል። እስከዚያች ጎህ ድረስ የሰማ ሁሉ ሆዱን ይችላል። ለቅሶ ቤት ሊሄድ የተዘጋጀ ሰው ከባለሐዘኑ ጋር ቁጭ ብሎ እየሳቀ ምሳ ሲበላ አይቻለሁ፤ ማንም እንደ ማታለል አይቆጥረውም።

«ነገ ጎህ ሲቀድ እንሄዳለን» አሉ አባ። «ዛሬ ግን ገበያ ነው፤ ከሞጣ በኩል የመጣ ሰው ይኖራል፤ ወሬ እግር የለውም አትበል። አንተ ያዘው። ገበያ እንዳይወጣ፤ ብቻውን እንዳይሆን፤ እንዳይጠጣ። የምታደርገው ይኸው ነው። ሆድህ ይችላል?»

«ይችላል አባ» አልሁ።

«የአንተን ሆድ እግዜር ያስፋው። ምላስህን ነው የምፈራው።»

እኒህ ሰው ኃጢአቴን ስለሚሰሙ ያውቁኛል። ያን ዕለት ግን ተቀየምኋቸው።

አበልጄ ቤት ስደርስ ማዳበሪያ አጣጥፎ በብብቱ ይዞ፣ ጤፍ ሊሸምት ሊወጣ ነው። ጎረቤት ያሉት ሴቶች ለነገው ንፍሮ ስንዴ ይለቅማሉ፤ ሚስቱ ምንም ሳታውቅ አጠገባቸው ቆማ ትጫወታለች። እኔን ሲያዩ ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። «አበልጄ፣ ገበያው ይቆይ፤ ምክትሉ ሁላችንንም አሁኑኑ ይፈልገናል፤ የሚፈረም ነገር አለ» አልሁት። ዋሸሁ። «የሚፈረም መቼ ጠፍቶ» ብሎ ማዳበሪያውን ወረወረና ተከተለኝ።

መንገድ ላይ አንዲት ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት አየችውና ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። ባለ ባጃጅ የሆነ የድሮ ተማሪያችን ወርዶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠው፤ ሁልጊዜ በጥሩምባ ነበር ሰላም የሚለው። አበልጄ ቆም አለ። «ዛሬ ሰው ምነው አከበረኝ?» አለ። «እርጅና ይሆናላ» አልሁት፤ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስከዚያ ድረስ በደንብ ነበር የያዝሁት።

ስታፍ ስንገባ ምክትሉ ብቻውን ተቀምጧል። የሚያስገርመው፣ የዋሸሁት ውሸት እውነት ሆኖ ጠበቀኝ። ከላይ ደብዳቤ መጥቷል፤ እያነበበ ላቡን ይጠርጋል። ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ይጀመራል፤ መምህራን ቤት ለቤት እየዞሩ ተማሪ ይመዝግቡ፤ ለዚህም እያንዳንዱ ይፈርም ይላል። ያንኑ ሳምንት ጫካ ያሉት ደግሞ «ተማሪ ሲመዘግብ ያገኘነውን አንምርም» የሚል ቃል ልከው ነበር። አንዱ መዝግብ ብሎ ያስፈርመኛል፤ ሌላው ብትመዘግብ እገድልሃለሁ ይለኛል። ሁለቱም ስለ እኔ ነፃነት ነው የሚዋጉት።

ሰዓቱ ወደ ስድስት ሊሆን ነው፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል። አበልጄ ደብዳቤውን ነጥቆ አነበበው።

«አንተ ራስህ መዝግብ!» አለው ምክትሉን። «በአጃቢ ታጅበህ ዙር!»

«ልጆች ይማሩ ማለት ጥፋቱ ምንድን ነው?»

«ልጆች ይማሩ? ትምህርት ቤቱን ካምፕ አድርጎ የከረመው ማነው? የቤተ መጻሕፍቱን ወንበር ፈልጦ የማገደው ማነው? ድሮን እየላከ ልጆች ይማሩ ይላል!»

«መንገድ የሚዘጋውስ ማነው? መምህር እያገተ ቤተሰቡን የሚያስለቅሰው ማነው? እሱን ለምን አትናገርም?»

«ትግል ነው! ትግል ውስጥ ስሕተት ይኖራል!»

«ሕግ ማስከበር ውስጥም ይኖራል!»

እኔን የሚያበግነኝ ሁለቱም እውነት መናገራቸው ነው። እያንዳንዱ የሌላውን ጥፋት ሲዘረዝር አንዲት አይስትም፤ የራሱን ወገን ሲጠይቁት ጆሮው ይደፈናል። እንደ ወትሮው ቢሆን ዘልዬ ገብቼ ሁለቱንም አጣድፋቸው ነበር። ያን ቀን ግን የመስኮቱን ዳር ይዤ ውጭ ውጭውን አያለሁ። በልቤ የምቆጥረው ሰዓት ነው፤ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፤ ገበያው የሚበተነው ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ቤቱ እወስደዋለሁ፤ ከዚያ ጎህ።

«መሃል ሰፋሪው ዛሬ ምን ነካው?» አለ ምክትሉ።

«ተወው፤ ፈሪ ሲፈራ ጸሎት ያደርጋል» አለ አበልጄ።

ቻልሁት። ሦስት ጊዜ ቻልሁት፤ ይኼን እግዜር ያውቃል። «ተው አበልጄ፣ ዛሬስ ተው፤ ሌላ ነገር እናውራ» አልሁት። እንዲህ ብዬው ስለማላውቅ ይበልጥ አቀጣጠለው። ከወንበሩ ተነሣ። ስለሚሞተው ሰው አነሣ። የሚሞተው ይሙት አለ፤ ያለ ደም የተገኘ አገር የለም፤ እናት ታለቅሳለች፣ ከዚያ እንባዋን ትጠርጋለች፤ የእኛ ችግር እንባ ማብዛታችን ነው አለ። ስምንት ቀን ሙሉ እንባዋን ያልጠረገች እናት ሞጣ ላይ እንዳለችው አያውቅም። እኔ አውቃለሁ።

«በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነው ነገርህ» አልሁት። «የሚሞተው እኮ ሰው ነው። ስም አለው፤ እናት አለችው።»

ያን ጊዜ ወደ እኔ መጣና ጣቱን ደረቴ ላይ አደረገ። «አንተ ማን ሞቶብህ ነው የምታላዝነው? እስቲ ንገረኝ፤ ማን ሞቶብህ ነው?»

«ያንተ ነው የሞተብህ!» አልሁት።

ድምፄ ግቢውን ሞላው። እዚያ ላይ እንኳ ላቆም እችል ነበር፤ ወደ ቀልድ ልመልሰው፣ ሌላ ሰው ልጠራ እችል ነበር። አላቆምሁም። «ደም፣ ደም ትላለህ፤ ይኸው ፈሰሰልህ! የወንድምህ ደም ሞጣ መንገድ ላይ ፈሰሰልህ! ከተቀበረ ስምንት ቀኑ ነው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ብዙ ሰው «ሐዘኑ አሸንፎህ ነው» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞክሯል። ውሸት ነው። ያን ቃል ከአፌ ያወጣው ሐዘን አይደለም። ክርክሩን ልረታ ነበር፤ ሊመለስ የማይችል መልስ በእጄ ነበረ፤ ሰጠሁት። ለአንዲት ቅጽበት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ ብሎኛል።

አበልጄ ጣቱን ከደረቴ ላይ አላነሣም። ፊቱ ላይ ምንም ነገር አልተለወጠም። ሲጮኽ ስለነበር አፉ እንደተከፈተ ነው።

«በማን ጥይት?» አለኝ።

መጀመሪያ የጠየቀው ይኼን ነው። መቼ አላለም። ምን ላይ መቱት አላለም። እናቴስ አላለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስታፍ ውስጥ ተቀምጠን ስለ እያንዳንዱ ሬሳ ስንጠያየቅ የኖርነው ይህንኑ ነበር፤ ተራው ለገዛ ወንድሙ ሲደርስም አፉ ላይ የመጣው እሱ ሆነ። እኔ መልስ ሳልሰጥ ምክትሉ ከመቀመጫው ተነሣ። «እነሱ ናቸው!» አለ። «በእነሱ ነው የሚሆነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ እየለቀሙ ነው!» ያ ግሉኮሴ እስኪያልቅ የጠበቀኝ ሰው እግዜር ያጥናህ ሳይል ይኼን አለ። አበልጄ «እናንተ ናችሁ! ገጠር የገባውን ሁሉ የምትረሽኑ!» ብሎ ኮሌታውን አነቀው። ጠረጴዛው ተገለበጠ። ፊርማ የምንፈርምበት መዝገብ ወለሉ ላይ ወድቆ እግራቸው ስር ይረጋገጣል፤ እነሱ አንድ የከብት ሐኪም በማን ጥይት እንደሞተ ይተናነቃሉ። ተኳሹን ሁለቱም አላዩም፤ እኔም አላየሁም።

«ሞቷል እኮ!» ብዬ ጮኽሁ። «ልጁ ሞቷል!»

ያን ጊዜ እጁ ላላ። የምክትሉን ኮሌታ ለቀቀና ቀስ ብሎ አስተካከለለት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እማዬ ሰምታለች?» አለ። «ቀብራዋለች» አልሁት። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ልይዘው እጄን ስዘረጋ ገፈተረኝ፤ ተነሥቶ ወጣ።

በገበያው መሃል ነው ያለፈው። ከኋላው ብሮጥም አላስቆምሁትም። ከእህል ተራ እስከ ከብት ተራ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ፣ ሸሚዙን እየቀደደ፣ የሰው እህል እየረገጠ ሄደ። ሚዛን የያዘ ሰው ሚዛኑን አወረደ። ሚስቱ ድምፁን ከሩቅ ለይታ በባዶ እግሯ ወጣች፤ ልጃቸው፣ የክርስትና ልጄ፣ እናቱን ተከትሎ። አንድ ጎልማሳ ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ በሺህ ሰው ፊት፣ የሚይዘው ሳይኖር መሬት ላይ ሲንከባለል አዩት። እንዲህ እንዳይሆን ነበር ያ ሁሉ ወግ የተሠራው።

አባ ማታውኑ አስጠሩኝ። አልተቆጡም። «ሄድህ ሄድህ ገበያ ላይ አረድኸው» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ አንስተው አያውቁም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹን ይዘው እንደተባለው ሄዱ፤ ግን የሚናገሩት ቃል አልነበራቸውም። ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ። እኔ ከሩቅ፣ ከውጭ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ፤ ያቀረቡልኝን ንፍሮ እንደጨበጥሁ ዋልሁ።

ስልክ አልተመለሰም። መንገዱ የተከፈተው ከሳምንት በኋላ ነው። አባ «አንተው አድርሰው» አሉኝ፤ ቅጣት ይሁን ምሕረት አልገባኝም። አበልጄም እንቢ አላለም፤ እሺም አላለም። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ እስከ ሞጣ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰኝም። የመምህርነት መታወቂያችንን ካልሲያችን ውስጥ ከተትን፤ የቀበሌውን ደረት ኪሳችን ውስጥ አደረግን። መምህር መሆን ለአንዱም ለሌላውም የሚያስጠረጥር ነገር ሆኗል።

ገና ሩቅ ሳንሄድ ወታደሮች አስወረዱን። አንዱ፣ ፊቱን ፀሐይ የፈጀው ልጅ፣ «ወዴት ነው?» አለ። «ለቅሶ» አለ አበልጄ። «ማን ሞተ?» «ወንድሜ።» «ማን ገደለው?» አበልጄ መሬት መሬት እያየ «አላውቅም» አለ። ጉንደ ወይንን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ደግሞ ጠመንጃ ያነገቱ፣ ፀጉራቸውን ያሳደጉ ልጆች አስቆሙን። «ወዴት?» «ለቅሶ።» «ማን ሞተ?» «ወንድሜ።» «ማን ገደለው?» «አላውቅም።» እዚያም እዚህም ያው ጥያቄ። እዚያም እዚህም መልሱ እነሱን እንደማይነካ ካረጋገጡ በኋላ ነው «እግዜር ያጥናህ» ያሉት። እኔ አጠገቡ ቆሜ ጥርሴን ነከስሁ። ሁለቱንም ልጆች አስተምሬያቸው ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜያቸው ያው ነው። ያን ጊዜ የተናደድሁትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም፤ በማን ላይ ልወጣው?

ሞጣ ስንደርስ ድንኳኑ ተነቅሏል። እናትየው ጥቁር ለብሰው መደቡ ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ፣ አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። ጥግ ላይ የክትባት ሳጥኑ አለ፤ ማንም አላነሣውም። ልጃቸው ገብቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። ለረጅም ጊዜ ሁለቱም አለቀሱ፤ ጎረቤት ተሰብስቦ አብሮ አለቀሰ። እኔም በሩ አጠገብ ቆሜ አለቀስሁ፤ ለማልቀስ ግን መብት ያለኝ አልመሰለኝም። ለቅሶው ሲበርድ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ ሦስታችን ቀረን።

እናትየው የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት።

«ልጀ፣ በወግ አረዱህ?» አሉት።

አበልጄ ዐይኑን ጥግ ወዳለው ሳጥን አሸሸ።

«እኔን ያረዳኝ የለም» አሉ። «በቃሬዛ ይዘውት ገቡ። በር ከፍቼ፣ ማን ነው የታመመው ብየ ጠየቅሁ። ልብሱን አይቼ ነው ያወቅሁ። ኸዚያ ወዲያ አንተን አሰብሁ። መንገድ ዝግ፣ ስልክ ዝግ፤ ምን ላድርግልህ? ያን ነጋዴ በመድኃኔዓለም አስምየ የላክሁት አንድ ነገር ብየ ነው። ለሱ እንደኔ አይሁንበት፤ ጎህ ሲቀድ፣ ኸቤቱ ሳለ፣ ሰው ይዞት ይንገሩት አልሁ። ለአንተ ያደረግሁልህ ይችኑ ብቻ ነው። አደረሱልኝ?»

ያ ቃል የእሳቸው እንደነበር አላውቅም ነበር። አባም አልነገሩኝም።

«አደረሱልሽ እማዬ» አለ አበልጄ። «በወግ ነው የተነገረኝ። ጎህ ሲቀድ አባ መጡ፤ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ላይ ነበር።»

«የያዘህስ?»

ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ተመለከተ። ዐይኑ ውስጥ ይቅርታ አልነበረም፤ ዛሬም የለም።

«እሱ ነው የያዘኝ» አለ።

እናትየው እጃቸውን ዘረጉ። ቀረብሁ፤ ተንበረከክሁ። እጄን በደረቁ ጣቶቻቸው አገላብጠው ዳሰሱት፤ ከዚያ ግንባራቸው ላይ አደረጉት። «ተባረክ ልጀ። የያዝኸው እጅህ ይባረክ። ቃሌን ያደረሰ አንደበትህም ይባረክ» አሉኝ።

አበልጄ እያየኝ ነበር።

«አሜን» አልሁ።